ሳይቴ ላይ ሦስት ቋንቋ ይወራል፣ አለቃዬ ደሞ አማርኛ የማይችለውን ለይተሽ አስወጪ አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አሁን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሳይት ኢንጂነር ሆኜ እየሠራሁ ነው። ግንበኞቹና አናጢዎቹ የዚሁ የኛ አካባቢ ሰዎች ናቸው፣ ከባሶና ወራናና ከአንጎለላ የመጡ። ፌሮ (የአርማታ ብረት) የሚሠሩት ልጆች ከወላይታ የመጡ ናቸው፣ ከነሱ መሃል አማርኛ በደንብ የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው፣ የሚያስተረጉመውም ደሞዛቸውን የሚቀበልላቸውም እሱ ነው። ከቀን ሠራተኞቹ ደሞ ብዙዎቹ ከሸኖና ከአብቹ በኩል የመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው። ባለፈው ኮለን (ምሰሶ) ስንሞላ ሚክሰር ላይ ያለውን ልጅ ውሃ ቀንስ አልኩት፣ በእጄም ወደ ታች እያደረግኩ አሳየሁት፣ እሺ አለኝና ጭራሽ ጨመረበት፣ ያንን ድብልቅ ደፋነው። ከዛ ትንሽ ቆይቶ ከላይ ጣውላ ሲወርድ «ቁም!» ተብሎ ተጮኸ፣ ስር የነበረው ልጅ ቀና ብሎ አየና መራመዱን ቀጠለ፣ ጣውላው ትከሻውን ጨርፎት አለፈ። ኮንትራክተሩ ይሄን ሲሰማ አማርኛ የማይችሉትን ስም ዝርዝር ስጪኝ ከሰኞ ጀምሮ አይገቡም አለኝ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ እንጀራቸውን መዝጋት አልፈልግም፣ ግን ሰው ቢሞትብኝስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። የመጀመሪያውን ሶሌታ (የፎቁን ወለል አርማታ) ልንሞላ ሁለት ሳምንት ነው የቀረን። እኔ ስናገርም ይሳሳቃሉ፣ እሱም ያሳቅቀኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ ሰላም ነሽ? እንኳን ልጁን እግዚአብሔር አተረፈው፣ አንቺንም ከዛ ፀፀት አወጣሽ። ቶሎ ልመልስልሽ የፈለግኩት ሁለት ሳምንት ነው የቀረን ስላልሽ ነው፣ ሁለት ሳምንት ደሞ ለዚህ ሥራ በቂ ነው ዛሬውኑ ከጀመርሽ።

ዝርዝሩን አትስጪው። በመጀመሪያ እሱን ልንገርሽ፣ እንዴት እምቢ እንደምትዪው ደሞ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ ምክንያቱም ባዶ እጅሽን ሄደሽ እምቢ ብትዪው አይሰማሽም፣ መጀመሪያ ሳይቱን ታስተካክያለሽ ከዛ ያስተካከልሽውን ይዘሽ ነው የምታናግሪው።

አማርኛ የሚችል ብቻ ቢቀር ችግሩ ይጠፋል የሚለው ሐሳብ ራሱ ልክ አይደለም። እስቲ አስቢው፣ አማርኛ አፉን የፈታበት የኛ ልጅ ከቨር (በብረቱና በፎርሙ መሃል የሚተወውን ክፍተት) ጠብቅ ሲባል እሺ ብሎ ፌሮውን ፎርሙ (አርማታው የሚፈስበት የጣውላ ቅርጽ) ላይ አጣብቆ አስሮት አላየሽም? እኔ ብዙ ዓመት ሳይት ላይ ስኖር አይቻለሁ፣ ደጋግሜ። ለምን መሰለሽ፣ አንቺ ካምፓስ የተማርሽው በእንግሊዝኛ ነው፣ ስተራፕ፣ ስፔሲንግ፣ ከቨር፣ ላፕ ሌንግዝ፣ ስላብ ትያለሽ። ሳይት ላይ ያለው ሰው ደሞ ፌሮ፣ ስታፋ (ዋናውን ብረት ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት፣ ያንቺ ስተራፕ)፣ ሶሌታ (ያንቺ ስላብ)፣ አርማታ፣ ባሬላ (ሁለት ሰው የሚሸከመው ማጓጓዣ) ነው የሚለው። ይሄ የሥራ ቋንቋ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ከካቦ (ከሠራተኞች አለቃ) ወደ ረዳት እየወረደ የመጣ ነው፣ እዚሁ እኛ ጋ ጣርማ በር ላይ ተራራውን የሚያልፈው ዋሻ በዛ ዘመን የተሠራ ነው፣ በዛን ጊዜ መንገዱንና ድልድዩን አብረው የሠሩ ሰዎች ሥራውን ከነቃሉ ይዘውት ቀሩ፣ ትምህርት ቤት ገብተው አይደለም፣ አብረው እየሠሩ ነው። እና አንቺ «የስተራፑ ስፔሲንግ በዝቷል» ስትዪ ግራ የሚገባው የወላይታው ልጅ ብቻ ሳይሆን የባሶናው ግንበኛም ነው፣ ልዩነቱ የባሶናው በአማርኛ እሺ ማለት መቻሉ ነው በቃ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው የአንቺ አነጋገር ነው፣ ይሄን ስልሽ ቅር እንዳይልሽ። ደብተር ይዘሽ ካቦው ጋ ሂጂና የዚህ ሳምንት ሥራ ላይ የሚነሳውን ዕቃና ሥራ ሁሉ እየጠቆምሽ «ይሄን እናንተ ምን ትሉታላችሁ» ብለሽ ጠይቂው፣ ቱንቢ ካለ ቱንቢ በዪ፣ ውሃ ልክ ካለ ውሃ ልክ፣ ስታፋ ካለ ስታፋ። ለሶሌታ ሥራ ሠላሳ አርባ ቃል ቢበዛ ነው የሚያስፈልግሽ። ከዚህ ውስጥ ደሞ ብዙውን የፌሮ ልጆቹ ያውቁታል፣ ወላይታ ሶዶ ብትሄጂም ፌሮ ፌሮ ነው፣ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ነው። አማርኛ አይችሉም የተባሉት ልጆች የሥራውን ቃል ግማሹን ይዘውት ነው የመጡት፣ የጎደላቸው ግሱ ነው፣ ቀንስ ጨምር አንሳ አስጠጋ ፍታ ጠብቅ የሚለው። እሱን ደሞ እያሳዩ ማስተማር ይቻላል።

አሁን ወደ እሺ ልምጣ። ሰው አለቃው ፊት ቆሞ አልገባኝም አይልም፣ በተለይ የቀን ሠራተኛ ከሆነ፣ በተለይ ደሞ ከአገሩ ርቆ የመጣ ከሆነ፣ አልገባኝም ካለ ነገ የሚቀነሰው እሱ እንደሆነ ያውቃል፣ እና አሁን ኮንትራክተራችሁ ያለውን ሲሰሙ ከድሮውም የባሰ ነው እሺ የሚሉት። «ገባህ?» የሚለውን ጥያቄ ከሳይትሽ አጥፊው፣ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ስለሆነ ምንም አይነግርሽም። በሱ ፋንታ «አሳየኝ» በዪ። ስታፋ በስንት በስንት እንደሚታሰር ነግረሽው ከሆነ ሁለቱን ወይ ሦስቱን አንቺ ፊት ይሰር፣ ውሃ ስንት እንደሚገባ ነግረሽው ከሆነ አንዱን ድብልቅ አንቺ ቆመሽ ይሥራ። ይሄ ለአማርኛ ተናጋሪውም ነው፣ ለሁሉም እኩል አድርጊው፣ የወላይታና የኦሮሞ ልጆችን ብቻ ነጥለሽ አሳየኝ ብትዪ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ፈተና ይመስላቸዋል።

እንደውም ከዚህ በላይ ልበልሽ፣ ብዙ ቦታ ላይ ንግግሩ ራሱ ጭራሽ ባይኖር ነው የሚሻለው። ያንን የውሃውን ነገር እንየው። ልጁ ውሃ የጨመረው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፣ አንቺ እጅሽን ወደ ታች አደረግሽ፣ እሱ ደሞ ወደ ታች የሚሄድ እጅ አፍስስ ማለት ነው ብሎ ገባው፣ እኔም ብሆን እንደዛ ይገባኝ ነበር። የእጅ ምልክት አስቀድመው ካልተስማሙበት ሰው ሁሉ በየራሱ ነው የሚፈታው። ስለዚህ ሚክሰሩ ጋ ያለውን ጎማና በርሜል አርቂው፣ ምትኩን ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካንና ባለ 5 ሊትሩን አስቀምጪ። ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ውሃ ማለት የውሃና የሲሚንቶው ሬሾ 0.5 ነው፣ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ ጀሪካን፣ አለቀ፣ ምንም መናገር አያስፈልግም። የናንተ ሚክስ ዲዛይን (የድብልቁ ልክ) ከዚህ ያነሰ ካለ ወይ ዝናብ ዘንቦ አሸዋው ውሃ ይዞ ካደረ ትንሹን ጀሪካን የሚፈለገው ድረስ ቀለም ቀብተሽ መስመር ታሰምሪበታለሽ፣ ጠዋት ጠዋት አንቺ ራስሽ አይተሽ። የአሸዋና የጠጠር ሳጥኑንም እንደዛው፣ የአሸዋውን አንድ ቀለም የጠጠሩን ሌላ ቀለም ቀቢው፣ 1 ለ 2 ለ 3 ከሆነ የምትሠሩት ሚክሰሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ አንድ ከረጢት፣ ሁለት ሳጥን፣ ሦስት ሳጥን በዛው ቀለም ሳዪበት። ቁጥርና ቀለም ለሁሉም እኩል ነው። ኮንክሪት ላይ ውሃ ሲበዛ ጥንካሬው እንደሚወርድ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሱ ግን የሚያውቀው ቀጠን ሲል ለባሬላም ለማፍሰስም እንደሚቀልለው ነው፣ ድካሙን ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ለምን እንደከለከልሽው አንድ ቀን ጊዜ ወስደሽ አሳዪው፣ ውሃ የበዛበትንና ልክ የሆነውን ሁለት ኪዩብ ሙሉና ሰንብቶ በመዶሻ ራሱ ይምታው።

የፌሮው ግን ከውሃው በላይ ነው የሚያሳስበኝ፣ ምክንያቱም የፌሮ ስህተት አርማታው ከፈሰሰበት በኋላ አይታይም። ሕንፃው በረንዳ ካለው ደሞ ዋናው እሱ ነው። በረንዳ ላይ ዋናው ፌሮ ከላይ በኩል ነው የሚሆነው፣ መሃል ሶሌታ ላይ ደሞ ከስር፣ ይሄን ነገር በቃል ብትነግሪው በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ሰው ይደባለቅበታል፣ ወይ ደሞ በትክክል ያስሩትና በሙሌቱ ቀን ባሬላ የያዘ ሁሉ እላዩ ላይ እየተራመደ ወደ ስር ይወርዳል። ስለዚህ ከፍራሽ ስፖንጅ ረዘም ያለ ቁራጭ ቁረጪና ጎኑ ላይ ከላይና ከስር በእስክሪብቶ ነጠላ ነጠላ መስመር አስምሪበት፣ አንዱን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ በእጅሽ ያዢው፣ ሌላው ከጠረጴዛው ውጪ ተንጠልጥሎ ልጁ ራሱ በጣቱ ወደ ታች ይጫነው። የላዩ ሲለጠጥ የስሩ ሲጨማደድ ያያል። በዛ በሚለጠጠው በኩል ነው ብረቱ የሚሆነው ብለሽ በጣትሽ አሳዪው፣ በቃ። ይሄን ያየ ልጅ ለምን እንደሆነ ስለገባው ሌላው ሲረግጠው ራሱ ነው የሚጮኸው። ለስታፋው ርቀት ደሞ ሜትር እያነበቡ እንዳይሳሳቱ እንጨት ቁረጪላቸው፣ ድሮዊንጉ ላይ በ15 ሳንቲም የሚል ከሆነ 15 ሳንቲም ዱላ፣ በ10 የሚል ቦታ ካለ 10 ሳንቲም ዱላ፣ በተለያየ ቀለም፣ የትኛው ዱላ የት ቦታ እንደሆነ በዛው ቀለም ፎርሙ ላይ ምልክት አድርጊ። አንድ የታሰረ ናሙና ደሞ ሠርተው ከበሩ አጠገብ ይሰቀል፣ እንደዛ ካልሆነ አይሞላም የሚባል ናሙና።

የጣውላውን ነገር በግልጽ ልንገርሽ። ልጁን የጎዳው «ቁም» የሚለው ቃል አለመግባቱ ብቻ አይደለም፣ ስሩ ሰው እየተመላለሰ ከላይ ጣውላ መውረዱ ነው። ቋንቋ አጥርን አይተካም። ከላይ ዕቃ የሚወርድበትን ቦታ በባህር ዛፍና በገመድ እጠሪው፣ ዕቃ በሚወርድ ሰዓት ማንም እንዳያልፍ የሚጠብቅ አንድ ሰው ታች ከአጥሩ ውጪ ይቁም፣ ሥራው ያ ብቻ ይሁን። ከዛ በኋላ ነው ምልክት የሚመጣው። ፊሽካ ግዢ፣ ርካሽ ነው፣ አንድ ረጅም ፊሽካ ማለት ሁሉም ሰው ባለበት ይቆማል ማለት ነው፣ ሚክሰሩም ጭምር ይጠፋል። ሚክሰርና ቫይብሬተር እየሠራ ፊሽካም ላይሰማ ስለሚችል አብሮት ሁለት እጅን ወደ ጎን ዘርግቶ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ ማወዛወዝ ይኑር፣ ክሬን የሚነዱ ሰዎችም አስቸኳይ ማቆሚያ የሚያደርጉት እንደዛ ነው። ዕቃ ሲወጣና ሲወርድ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሁሉም እየጮኸ ሊሆን አይችልም፣ ግን አቁም የሚለውን ምልክት ማንም ሰው መስጠት ይችላል፣ ትናንት የተቀጠረው ልጅም ቢሆን። እና በከንቱ ያስቆመ ሰው እንዳይሰደብ፣ አንዴ ከተሰደበ ሁለተኛ አያስቆምም። ሶሌታውን ከስር ከደገፉት ቋሚዎች ተነቅለው መውጣት የሌለባቸውን ደሞ ቀይ ቀለም ቀቢያቸው፣ ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ቀይ የተቀባ ቋሚ ያለ አንቺ ፈቃድ አይነካም ብለሽ ከአናጢዎቹ ጋር ተስማሚ፣ አለበለዚያ አንዱ ሌላ ቦታ ቋሚ ሲያጥረው መጥቶ ይነቅለዋል።

አስተርጓሚው ልጅ ላይ ትንሽ ልቆይ። መጥፎ ሰው ነው እያልኩሽ አይደለም፣ ምናልባት ለጓደኞቹ ብዙ የሚለፋ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ግን አንድ ሰው አፍም ኪስም ሲሆን ጥሩ አይደለም። ልጆቹ ደሞዛቸው በሱ በኩል ከሆነ የሚመጣው ቅር ያላቸውን ነገር በሱ በኩል ሊነግሩሽ አይችሉም፣ የፈሩትንም እንደዛው። እሱም ጓደኞቹ አልገባቸውም ብሎ ቢነግርሽ እንዳይባረሩ ስለሚፈራ ገብቷቸዋል ነው የሚልሽ። ስለዚህ ሁለቱን ነገር ለያዪው። የእያንዳንዱን ልጅ ስም አቴንዳንስ ላይ በራሱ ስም አስገቢ፣ ደሞዝም በእጁ ወይ በራሱ ቴሌብር ይግባለት፣ ይሄን ከኮንትራክተሩና ከታይም ኪፐሩ ጋር ተነጋግረሽ። ልጁን ደሞ ስላስተረጎመ ትንሽ ጨምሩለት፣ ሥራ ነው እኮ፣ ግማሽ ቀኑን ፌሮ ማሰሩን ትቶ እናንተን ሲያገናኝ ነው የሚውለው። ካለ እሱ ደሞ ሌላ ሁለተኛ ሰው አብቂ፣ እሱ የታመመ ቀን ሳይቱ ዲዳ እንዳይሆን። ሲያስተረጉም ረጅም ንግግር አትስጪው፣ አንድ ነገር በዪ፣ ይበል፣ ከዛ ከልጆቹ አንዱ መልሶ በተግባር ያሳይ።

ማስታወቂያ የሚባለውን ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ሄልመት ሳያደርጉ መግባት ክልክል ነው» ብላችሁ በአማርኛ ለጥፋችሁ ይሆናል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከወላይታ የመጣው ልጅም ከአብቹ የመጣው ልጅም የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ትምህርት ቤት የተማሩት በላቲን ፊደል ነው፣ ኦሮምኛ በቁቤ ነው ወላይትኛም በላቲን ነው የሚጻፈው፣ እና አማርኛ ቢሰሙ እንኳን የኛን ፊደል ላያነቡ ይችላሉ። ከኛ ግንበኞች ውስጥም ማንበብ የማይችል ይኖራል፣ አፍሮ አይነግርሽም እንጂ። ሥዕል ይሻላል። ቀይ ክብ በመሃሉ የተሰረዘ ክልክል ነው፣ ሰማያዊ ክብ አድርግ ነው፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ተጠንቀቅ ነው፣ አረንጓዴ መውጫና እርዳታ ያለበት ነው፣ አራቱን በቀለም አሠሪና አንድ ቀን ጠዋት ሰው ፀሐይ እየሞቀ ሥራ እስኪጀመር ሲጠብቅ እያንዳንዱን አሳዪያቸው። የደብረ ብርሃንን ጠዋት ታውቂዋለሽ፣ ሰው ሁሉ ጥግ ይዞ ነው የሚቆመው፣ ያቺን አስር ደቂቃ ተጠቀሚባት፣ በየቀኑ፣ የዕለቱን አደጋ አንድ ብቻ እያነሳሽ።

ኦሮምኛውን በተመለከተ እኛ ሸዋዎች ሩቅ አገር የሄድን መምሰል የለብንም። ሸኖና አለልቱ ገበያ የሚነግድ የኛ ሰው ኦሮምኛ ይናገራል፣ ከግንበኞችሽ ውስጥም የሚችል አይጠፋም፣ ጠይቂ፣ ስላልተጠየቀ ነው ዝም ያለው። ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ደሞ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችን አሉ፣ ሁለቱንም ቋንቋ አሳምረው የሚናገሩና የቀን ሥራ የሚፈልጉ። አንዱን ወይ ሁለቱን ብትቀጥሪ እነሱም ይጠቀማሉ አንቺም። ግን ያለፉበትን አስቢ፣ አስተርጉም ተብሎ የሚገደድ ሰው አይሁን፣ ፈቃደኛ የሆነውን ብቻ። አንቺም ራስሽ ጥቂት ቃል ያዢ፣ ኮቱ ና ነው፣ ዳበዱ ቁም ነው፣ ኦፍ ኤጋዱ ተጠንቀቅ፣ ኦል ወደ ላይ፣ ገድ ወደ ታች፣ ቢሻን ውሃ፣ ዳጋ ድንጋይ። አነጋገሩን ከልጆቹ አስተካክዪ፣ እኔ ጽፌልሽ ከምታነቢው ከአፋቸው ብትሰሚው ይሻላል። ለወላይታ ልጆች ደሞ ጠዋት ሳሮ ብለሽ ግቢ፣ ሰላምታ ነው፣ ሌላውን እነሱ ያስተምሩሻል፣ ደስ ብሏቸው። ግን ጥንቃቄ ልንገርሽ፣ የሰላምታ ቃል አወቅሽ ማለት የደህንነት መመሪያ በዛ ቋንቋ መስጠት ትችያለሽ ማለት አይደለም፣ ነፍስ ያለበትን ነገር በፊሽካና በማሳየት ነው የምትጨርሺው።

ሌላ ደሞ ሰዎቹን ቀላቅያቸው። አሁን የሚሠሩት ወላይታ ከወላይታ፣ ኦሮሞ ከኦሮሞ፣ የኛ ከኛ ሆኖ ከሆነ ዓመት አብረው ቢውሉም አይግባቡም። ሶሌታ ላይ አንድ የፌሮ ልጅ ከአንድ አናጢ ጋር ይቁም፣ ባሬላውን አንድ የአንጎለላ አንድ የሸኖ ልጅ ይያዙት፣ ምሳም አብረው ይብሉ። መንገድ ሥራ ላይ ከቻይና ፎርማን ጋር የሚውሉ ልጆቻችንን አይተሽ ከሆነ ማንም ኮርስ ሳይሰጣቸው ነው የተግባቡት፣ አብሮ መዋል ነው ያገናኛቸው። ከባዱን ነገር ግን መጀመሪያው ቀን ላይ አብረው አይሥሩ፣ ቀላሉን ይለማመዱ፣ ጡብ ማቀበል ምናምን።

ይሳሳቃሉ ስላልሽው፣ መሳቁ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በእንግሊዝኛው ቃል ነው፣ እሱ ቃላቸውን ስትይዢ ይጠፋል። ሌላው ወጣት ሴት ልጅ ታዘዛለች ወይ ብለው ከሆነ ደሞ ሁሉም ፊት አትናገሪያቸው፣ ትልቁን ግንበኛ ለብቻው ወስደሽ «ጋሼ፣ እርስዎ ከሳቁ ሌሎቹም ይስቃሉ፣ እርስዎ ዝም ካሰኙልኝ ሌላው ይሰማኛል» በዪው። የኛ አገር ትልቅ ሰው እንደዛ ተከብሮ ሲጠየቅ እምቢ አይልም። የማይመለስ ካለ ያኔ በቢሮ በኩል ይሄዳል።

አሁን ኮንትራክተሩ። ሰኞ ከመድረሱ በፊት ሄደሽ ሦስት ነገር ንገሪው። ፌሮ ሠራተኛ አባርሮ ሶሌታ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ቡድን ፈልጎ ማምጣት ስንት ቀን እንደሚያስወጣው ይቁጠር፣ ይሄን እሱ ከኔም ካንቺም በላይ ያውቃል። ሁለተኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ሠራተኛው ስለሥራው አደጋና ጥንቃቄ በአግባቡ እንዲያውቅና እንዲነገረው ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል፣ አንቀጽ 96 ደሞ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። አማርኛ አይችልም ነበር የሚል ሰበብ እዛ ላይ አይሠራም፣ እንደውም የማይሰማውን ቋንቋ ተናግሬያለሁ ማለት አላስረዳሁም ማለት ነው። በብሔር መለየትን ደሞ አንቀጽ 14 ይከለክላል፣ ቋንቋ እየቆጠሩ ስም ዝርዝር ማውጣት መጨረሻው ወዴት እንደሚሄድ በዚህ ጊዜ ለኛ ሰው መንገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሦስተኛው ያስተካከልሽውን አሳዪው፣ ጀሪካኑን፣ ዱላውን፣ ፊሽካውን፣ አጥሩን። ለሁሉም የወጣው ገንዘብ አንድ ቀን ሥራ ከሚቆምበት ያነሰ ነው። አሁንም እምቢ ካለሽ ዝርዝሩን እሱ ራሱ ያውጣው፣ አንቺ በእጅሽ አትጻፊው፣ አስተያየትሽን ግን በጽሑፍ ስጪውና ኮፒውን ያዢ።

ከሙሌቱ ቀን በፊት ያለውን ቀን ደሞ ለልምምድ አድርጊው። ሲሚንቶ ሳይገባ፣ ሁሉም ሰው በነገ ቦታው ይቁም፣ ሚክሰር ላይ ያለው፣ ባሬላ የያዘው፣ ላይ የሚቀበለው፣ ፌሮውን የሚጠብቀው፣ ስር የቆመው። ባዶ ባሬላ ይዘው በመንገዳቸው ይሂዱ፣ ፌሮው ላይ ሳይሆን በጣውላው ላይ መራመዳቸውን እዪ። መሃል ላይ ሳትናገሪ ፊሽካ ንፊ፣ ያልቆመውን ሰው ያዢው፣ አትቆጪው፣ ለምን እንዳልቆመ ጠይቂው፣ አልሰማም ከሆነ ፊሽካው ቦታ ይቀየር፣ አልገባውም ከሆነ ጓደኛው ያሳየው። ከዛ እንደገና ንፊ፣ ሁሉም በአንድ ላይ እስኪቆሙ ድረስ። ያ ውሃ የጨመረው ልጅ አሁንም ካለ ሚክሰሩ ላይ እሱን መልሺው፣ ጀሪካኑን ይዞ።